የሶባ ወጣቶች ዜና

በ1932 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ነበሩ፤ ከአገራቸው ከወጡም አራት ዓመት አልፏቸው ነበር። ወሬውን በሰሙ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ጉዞ አሰናዱ። ሰኔ 17 ቀን ልጃቸውን ልዑል መኰንንን፣ ሎሬንሶ ታእዛዝንና ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስን አስከትለው በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ተነሡ። ጠላት እንዳያውቅባቸው ስማቸው «ሚስተር ስሚዝ» ተባለ። በእስክንድርያ በኩል አድርገው ወዲ ሐልፋ ሲደርሱ፣ የሱዳን ገዢ ሰር ስቱዋርት ሳይምስ በመምጣታቸው ተጨነቀና በዚያ አቆያቸው። የሱዳን ጦር ጥቂት ነበርና ንጉሡን ማስጠጋት ጠላትን መጥራት መስሎት ነበር። በሰኔ መጨረሻ ግን ካርቱም ገቡ። በዚያው ሰሞን ኢጣልያኖች ከሰላንና ገላባትን ያዙ።

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለችው ኦምዱርማን ለኢትዮጵያ ሰው የኀዘን ስም ነበራት፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓመተ ምሕረት በመተማ ከወደቁ በኋላ ድርቡሾች የተቈረጠ ራሳቸውን የወሰዱት ወደዚያ ነውና። ከአምሳ አንድ ዓመት በኋላ ሌላ የኢትዮጵያ ንጉሥ በዚያው ወንዝ ዳር ተቀምጦ አገሩን የሚመልስበትን ጦር ይሰበስብ ጀመር።

ጦሩ ግን ከማን ይሰብሰብ? በጎጃም፣ በበጌምድርና በሸዋ አርበኞች ነበሩ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጎራዴና ምንሽር ይዘው ጠላትን ዕረፍት የነሱ እነርሱ ናቸው። የጎደለው የዘመኑን ጦር ሥርዓት የተማረ፣ ካርታ አንብቦ ጭፍራ የሚመራ መኮንን ነበር። የዚህ ጉድለት ታሪክ ከሆለታ ይጀምራልና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

በ1927 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ ከተፈሪ መኰንንና ከሌሎቹ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። ነገሩ ለአገሩ አዲስ ነበር። ቀድሞ የጦር አለቃ የሚሆነው በአባቱ ስምና በጦር ሜዳ በታየው ጀግንነቱ ነበረ፤ ከዚህ ወዲያ ግን ደብተርና እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ወታደር ሊመራ ሆነ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1928 በማይጨው የንጉሡ ጦር ከተሸነፈ በኋላ፣ የሆለታ ልጆች ጠላትን በጣርማ በር ሊያግዱ ወጡ፤ ነገር ግን ጊዜም ሰውም አልበቃም። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከእነርሱ ብዙዎቹ እጃቸውን አልሰጡም። ወደ ወለጋ ወርደው በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቆሙ። ሰኔ 20 ቀን 1928 በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ፤ ከጠላትም ታላላቅ መኮንኖች በዚያ ሞቱ። በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ሲሄዱ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡና በታኅሣሥ 1929 ተማረኩ። ከዚያ የካቲት 12 መጣ። በኢጣልያው ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት የተማረውን ወጣት እየለየ ገደለ፤ የሆለታም ልጆች ከሚፈለጉት ዋነኞች ነበሩ። አገሪቱ በብዙ ድካም ያስተማረቻቸው ጥቂት ልጆች እንደዚህ አለቁ። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። የሞቱት ሰዎች ብቻ አልነበሩምና፤ ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልተሠራ መንገድ፣ ያልተዋቀረ ጦር አብሮ ተቀብሯል።

ያመለጡት በየአቅጣጫው ተበተኑ። አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ ወደ ሱዳን ወጣ፤ ብዙዎቹ በደቡብ በረሃ አቋርጠው ኬንያ ገቡና እንግሊዞች በኢሲኦሎ፣ በኋላም በታቬታ በስደተኛ ሰፈር አስቀመጧቸው። በዚያ ሽቦ አጥር ውስጥ ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ካርቱም እንመለስ። ከከተማዪቱ በስተደቡብ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ሶባ የሚባል ስፍራ አለ። ሶባ በጥንት ዘመን ዐልዋ የተባለው የኖባ ክርስቲያናዊ መንግሥት መዲና ነበረች፤ በዚህ ጊዜ ግን የቀራት ፍርስራሽ ብቻ ነበር። በዚያ ሰፈር ለስደተኞቹ ማሠልጠኛ ተሠራ፤ ከእነርሱ መካከል የተማሩትን ወጣቶች ለመኮንንነት የሚያበቃ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። በሆለታ በስዊድኖች የተጀመረው ትምህርት እንግዲህ በሱዳን አሸዋ ላይ በእንግሊዞች እጅ ቀጠለ። በሆለታ የነበሩ፣ በስደት አገር ያደጉ፣ ከኬንያ የመጡ ልጆች በአንድ ሰልፍ ቆሙ። ኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ የሆነው መንግሥቱ ንዋይ በሶባ ከተማሩት አንዱ ነበር። ቤተሰቡ ከኤርትራ የሆነው፣ ራሱ ግን በካርቱም ያደገው አማን ሚካኤል አንዶምም ገና ልጅ እግር ሳለ በዚያ ገባ።

ንጉሡ በዚያ የጥበቃ ወራት ካደረጉት ሁሉ ይህን ሥራ እጅግ አከብራለሁ። ጠመንጃ በቂ አልነበረም፤ እንግሊዞችም ስለ ንጉሡ ሥልጣን ገና አልቈረጡም፤ የሱዳን ጦር አዛዥ ጄኔራል ፕላት ለእንዲህ ያለው ዘመቻ ልቡ አልሞቀም። ትምህርት ግን ጠመንጃ እስኪመጣ አይጠብቅም። ጃንሆይ ቅሬታቸውን እያቀረቡ፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ ወጣቶቹ ግን እንዲማሩ አደረጉ።

በዚህ መካከል ብዙ ነገር ሆነ። ነሐሴ 6 ቀን እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ ከጥቂት ሰዎች ጋር ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባና ከአርበኞች ጋር ተገናኘ። በ1933፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥቅምት 18 ቀን፣ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ካርቱም መጥቶ ከጄኔራል ዌቭልና ከደቡብ አፍሪካው ስመትስ ጋር ጉባኤ አደረገ፤ ጃንሆይም የጦር መሣሪያና የአሠልጣኝ ማነስን አመለከቱ። ከጉባኤው በኋላ ኦርድ ዊንጌት የተባለ መኮንን መጣ። ጠባየ ብርቱ፣ ከአለቆቹ ጋር የማይስማማ፣ በኢትዮጵያ ነጻነት ግን ፍጹም የሚያምን ሰው ነበር። ያቀደውም አንድ እንግሊዛዊ መኮንንና ጥቂት ሃምሳ አለቆች ወደ 200 ኢትዮጵያውያን ይዘው ወደ አርበኞቹ እንዲገቡ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሃምሳ አለቆች ከአውስትራልያ የመጡ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ሥራ የአገሩን ቋንቋና ልማድ የሚያውቅ፣ የውጭውንም መኮንን የሚያነጋግር ወጣት ያስፈልግ ነበርና የሶባ ትምህርት ቦታውን አገኘ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲርም በካርቱም የአማርኛ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ እያሳተመ ወደ አገር ቤት ይልክ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933፣ በጥምቀት ማግስት፣ ጃንሆይ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ራስ ካሣና እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አብረው ነበሩ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ የተደረገው ጉዞ እጅግ መራር ነበር፤ ስንቅና ጥይት የጫኑት ወደ 15,000 የሚሆኑ የሱዳን ግመሎች በዚያ ዘመቻ ከጥቂቶቹ በቀር አለቁ። የሱዳን ወታደሮችም ደማቸውን በጎጃም አፈር ላይ አፍስሰዋል፤ ይህ ውለታ በታሪካችን በሰፊው አልተጻፈላቸውምና እዚህ መጻፉ ተገቢ ነው። ከኬንያ ስደተኞች የተሠራው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ የካቲት 27 ቀን በደንበጫ አጠገብ በወንዝ ዳር፣ በብዛት እጅግ የሚበልጠውን እያፈገፈገ የሚመጣ የጠላት ጦር ብቻውን ገጠመ። በታቬታ አጥር ውስጥ ቆይተው የነበሩ ሰዎች በዚያ ቀን ቆመው ተዋጉ፤ ብዙዎቹም ወደቁ። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት በገባበት ዕለት በአምስተኛ ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ገቡ።

ከዚህ በኋላ የሆለታ ትምህርት ቤት እንደገና ተከፈተ። በ1950 ዓመተ ምሕረት ደግሞ በሐረር በሕንድ መኮንኖች የሚመራ ከፍተኛ የጦር አካዳሚ ቆመ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ተማሪዎችም ይገቡበት ጀመር። የሶባና የሆለታ ልጆች ግን ቀድመው የጦሩ ራስ ሆነው ነበር። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በንጉሡ ላይ ተነሣ። የሆለታው ተማሪ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በቤተ መንግሥት ከታሰሩት ጋር ተገደለ፤ መንግሥቱም መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ሞተ። አማን አንዶም በ1956 በኦጋዴን ሦስተኛ ክፍለ ጦርን መርቶ «የበረሃው አንበሳ» ተባለ፤ መስከረም 1967 ንጉሡን ላወረደው ደርግ ሊቀ መንበር ሆነ፤ ከደርጉ ጋር ተጣልቶም ኅዳር 14 ቀን በቤቱ ተከቦ ሲዋጋ ሞተ።