የሕፃናት የፊት ሽባነትና የስቴሮይድ ሕክምና

በአንድ ወገን የፊት ሽባነት የተያዘ ሕፃን ሲስቅም ሆነ ሲያለቅስ አፉ ወደ ጤነኛው ጎን ይሳባል፤ በታመመው ወገን ያለው ዓይኑም አይከደንም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ስለሚከሰት በበርካታ የሀገሪቱ አካባቢዎች «ነፋስ መታው» ይባላል። የሕመሙ መነሻ ግን ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ነርቩ ከጆሮ ጀርባ ባለ ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ሲያልፍ አብጦ ይጨመቃል። ምክንያቱ ተለይቶ ያልታወቀው ዓይነት በስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል ስም «ቤልስ ፓልሲ» ተብሎ ይጠራል።

ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት እብጠቱን በመቀነስ ነርቩን ከጭመቃ ለማላቀቅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነ የስኮትላንድ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በ72 ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ከጀመሩት አዋቂዎች መካከል በሦስት ወር 83 በመቶ ያህሉ ሲያገግሙ፣ ካልወሰዱት ያገገሙት 64 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አረጋግጧል።

በሕፃናት ላይ ግን ውጤቱ ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጥናት 187 ሕፃናትን ያካተተ ሲሆን፣ በአንድ ወር ውስጥ ያገገሙት መድኃኒቱን ከወሰዱት 49 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 57 በመቶ ነበሩ። በስድስት ወር ግን 99 እና 93 በመቶ ደርሰዋል። ከዚህ የሚታየው አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ መድኃኒትም የሚድኑ መሆናቸውን ነው። በመሆኑም ስቴሮይድ መስጠት አለመስጠቱ በሐኪም ውሳኔ እንጂ ከመድኃኒት መደብር በሚገዛ ክኒን የሚወሰን አይደለም።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር የፊት ሽባነት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ሳይመረመር ስቴሮይድ ከተሰጠው በሽታው ለጊዜው ሊሸፈንና ትክክለኛው ሕክምና ሊዘገይ ይችላል።

የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ነቀምቴ፣ በበከኒሳ ቀሴ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን በዕለቱ ሆስፒታል ሊያደርስ ይችላል። ከሩቅ የገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ወላጅ ግን 72 ሰዓት አጭር ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ባህላዊ ሕክምና ከተሄደ ደግሞ ጨርሶ ያልፋል። ጊዜው ቢያልፍም መምጣቱ አይቀርም፤ ዓይኑ እንዳይደርቅና እንዳይቆስል በቀን ማለስለሻ ጠብታ ማድረግ፣ በሌሊትም ሽፋሽፍቱን ከድኖ በፕላስተር መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ርካሽ እንክብካቤ ከክኒኑ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ ጉዳዩ ሌላ ነው። የፖሊዮ ቅኝት መመሪያ በሚያዘው መሠረት ወዲያውኑ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይደረጋል፤ ሕመሙ በጀመረ በ14 ቀናት ውስጥም ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ይወሰዳሉ።