የላንጆ ሊሊ

የላንጆ ሊሊ፥ በሰሜን ምዕራብ ቻይና፥ በጋንሱ ክፍለ ሀገር፥ በላንጆ ከተማ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ተራሮች የሚለማ፥ ብርቱካንማ አበባው ለዓይን ጌጥ፥ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው ራሱ ደግሞ ለማዕድ ሲሳይ የሆነ ተክል ነው። ሊቃውንተ ዕፅዋት ዝርያውን የሰየሙት በፈረንሳዊው ካህን በአርማን ዳቪድ ስም ነው። ገበሬው ከችግኙ እስከ ምርቱ 6 ዓመት ያህል ይታገሣል፤ በየዓመቱም፥ የተክሉ ኃይል በማበብ እንዳይባክንና ወደ ራሱ ተመልሶ እንዲያወፍረው፥ እንቡጡን ሳይፈነዳ ይቀጥፈዋል፤ ይህም፥ ስለ ጣዕም ሲባል ውበትን መሠዋት፥ እጅግ የሚደነቅ ትዕግሥት ነው። የተቈፈረው ራስ ንብርብሩ አንድ በአንድ ተገንጥሎ፥ አፈሩ ታጥቦ፥ ከሴለሪ ጋራ በጥቂት ዘይት ለአፍታ ይጠበሳል፥ ወይም በእንፋሎት ይበስላል፤ ጣዕሙም ምሬት የሌለበት ጣፋጭ ነው። ነገር ግን የጌጥ ሊሊ ሁሉ ለምግብ አይሆንምና፥ አንባቢ ሆይ፥ ለአበባነት ብቻ የተሸጠውን፥ መድኃኒት የተረጨውን ራስ ከመብላት ተቈጠብ።