የእኛ ልጅ በሌላ ባንዲራ ስትሮጥ

በከሚሴ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፣ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ

ገለጻዬን ከሩቅ አገር ጀምሬ ወደ ከሚሴ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በዲሴምበር 2 ቀን 2010 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ የማያሚን ማሊያ ለብሶ ወደ ክሊቭላንድ ሜዳ ገባ። የተወለደው በዚያች ከተማ አጠገብ ነው፤ ሰባት የውድድር ዘመንም ለክሊቭላንድ ተጫውቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መልቀቁን በቴሌቪዥን ሲያስታውቅ ደጋፊዎች ማሊያውን በአደባባይ አቃጥለው ነበር። በዚያች ምሽትም ኳስ በነካ ቁጥር ይጮኹበት ነበር። እርሱ 38 ነጥብ አስቆጠረ፤ ማያሚም 118 ለ90 አሸነፈ። በ2014 ወደ ክሊቭላንድ ተመለሰ፤ በ2016 ደግሞ ከተማይቱ 52 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ አመጣላት። ማሊያውን ያቃጠለው ሕዝብ ስሙን እየጠራ በአደባባይ ጨፈረ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ትናንት «የእኛ» ያልነው ሰው ዛሬ በተቀናቃኝ ማሊያ ፊት ለፊታችን ሲቆም፣ ቁጣችን በምን መብት ላይ ይቆማል? እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ይበልጥ የምናውቀው በሩጫ ነው። በሩጫ ደግሞ የሚቀየረው ማሊያ ብቻ ሳይሆን ባንዲራም ስለሆነ ሕመሙ ይጠልቃል።

በ1999 ሄዋን አበዬ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሳ በቤልፋስት የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር በወጣቶች ምድብ ሮጠች። ከዚያ በኋላ ቱርክ ቀረች፤ ስሟም ኤልቫን አቤይለገሴ ሆነ። በ2004 በበርገን የ5000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር እስከ መጨረሻው ዙር ከጥሩነሽ ዲባባ ጋር ተናነቀች። ጥሩነሽ በ29:54.66 ስታሸንፍ ኤልቫን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተከትላ ገባች። ከዓመታት በኋላ የ2007 ናሙናዋ እንደገና ሲመረመር የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ሜዳሊያዋን ተነጥቃለች። ይህን ሳይናገሩ ታሪኳን መናገር አይገባም።

የአርሲዋ ዘነበች ቶላ በስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቃ፣ በኋላም ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባሕሬን ሮጠች። በ2009 በርሊን ላይ በ1500 ሜትር የእኛዋ ገለቴ ቡርቃ በመጨረሻው ዙር በስፔናዊቷ ሯጭ ተገፍታ ወደቀች። ስፔናዊቷ ከውድድሩ ስትሰረዝ ወርቁ ለማርያም ሆነ። የወደቀችውም ወርቁን የወሰደችውም ከአንድ አገር የበቀሉ ነበሩ። አበባ አረጋዊ ደግሞ በ2012 ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ሮጣ፣ በዓመቱ ሞስኮ ላይ በስዊድን ማሊያ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ከሁሉም ግን በአእምሮዬ የቀረችው በኦገስት 7 ቀን 2021 የተካሄደችው የቶኪዮ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ናት። አንደኛ ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ፣ ሁለተኛ ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባሕሬን፣ ሦስተኛ ለተሰንበት ግደይ ለኢትዮጵያ። ሦስቱም የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው፤ የተሰቀሉት ባንዲራዎች ግን ሦስት ናቸው። ቃልኪዳን በ2010 ዶሃ ላይ በ18 ዓመቷ ለኢትዮጵያ የቤት ውስጥ የ1500 ሜትር ወርቅ ያመጣች ልጅ ነበረች።

ይህ ለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት ቁጥር ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት በላይ ሯጮች ማሰለፍ አይችልም። እንደ ኢትዮጵያና ኬንያ ባለ አገር አራተኛና አምስተኛ መሆን በሌላ አገር አንደኛ ከመሆን ሊበልጥ ይችላል፤ ሆኖም ከቤት ያስቀራል። ሌሎቹ ምክንያቶች ገንዘብ፣ ትዳር፣ ስደትና ጥገኝነት ናቸው። ገንዘብ የከፈሉ አገሮች በ2003 ኬንያዊውን ስቲቨን ቼሮኖን ሰይፍ ሰኢድ ሻሂን አድርገው ለኳታር ሲያሰልፉት፣ በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ኬንያዊውን ኢዝቅኤል ኬምቦይን በ3000 ሜትር መሰናክል አሸነፈ። ኬንያ ስላልፈቀደችለትም ከአቴንስ ኦሊምፒክ ቀረ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ፣ በ2018 ሦስት ዓመት የመጠበቂያ ጊዜ ያለው አዲስ ደንብ አወጣ።

እንግዲህ «ከዳችን» የሚለውን ቃል ከመጠቀማችን በፊት መለየት ይገባናል። ሲፋን ከአዳማ አካባቢ በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ስትወጣ ማንም አያውቃትም ነበር፤ ያልለበሰችውን ማሊያ ልትከዳ አትችልም። አበባና ቃልኪዳን ግን ለብሰውታል፤ አሰልጣኝ፣ ሆቴልና የአውሮፕላን ትኬት አግኝተውበታል። በእነርሱ ላይ የሚሰማን ቅሬታ መሠረት አለው። የቀረችው ለተሰንበትም ከእኛ የምትጠብቀው ነገር አለ፤ ጭብጨባችን በቅድሚያ ለእርሷ ይገባል። ቅሬታ ግን ዕዳን ይጠይቃል እንጂ ሰውን ርስት አያደርግም።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመለስ። በኦገስት 11 ቀን 2024 ጠዋት የፓሪስን የሴቶች ማራቶን በዋናው መንገድ ዳር ባለ ሻይ ቤት ተቀምጬ አየሁ። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሲፋንና ትዕግሥት አሰፋ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ሲፋን በ2:22:55፣ ትዕግሥት በ2:22:58 ገቡ። የኢትዮጵያ ቡድን አቤቱታ አቀረበ፤ ውድቅ ሆነ። በሻይ ቤቱ ግማሹ «ገፋቻት!» ብሎ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ግን ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ «ኢንተላ ኬኛ» አሉ፤ የእኛ ልጅ ማለታቸው ነው። «የትኛዋ?» ብሎ አንድ ወጣት ጠየቃቸው። «ሁለቱም» አሉት። ማታ ሲፋን በሒጃብ ሆና ሜዳሊያዋን ስትቀበል ደግሞ ጠዋት የጮኸው ወጣት ራሱ ስልኩን ለጓደኞቹ ሲያሳይ አየሁት።

ያ መልስ በዚህ አካባቢ መሰማቱ አያስገርመኝም። ይህ በአማራ ክልል ውስጥ ያለ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። እዚህ ሰው በአንድ ቋንቋ ገበያ ይውላል፣ በሌላው ቤቱ ይገባል፤ በአንዱ ማዕረግ ሌላውን አይክድም። ደግሞም ይህ ልጆቹን የሚሸኝ አገር ነው። ከከሚሴና ከባቲ ተነሥተው በአፋርና በጅቡቲ በኩል ባሕር አቋርጠው ወደ የመንና ሳዑዲ የሄዱትን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከተመላሾቹ መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም እናት ልጇን «ለማን ስትሠሪ ኖርሽ?» ብላ አልጠየቀችም፤ «በሰላም ገባሽ?» አለቻት እንጂ። በሰው ቤት የሠራችበት ጉልበትና ለባሕሬን የሮጠችበት ጉልበት ልዩነታቸው አንደኛው በቴሌቪዥን መታየቱ ነው።

የታሪክ ሰው ሥራ ፍርድ ከመስጠት በፊት መመዝገብ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የእነዚህን ሴቶች ታሪክ ስትጽፉ የተወለዱበትን ስምና የሮጡበትን ስም፣ የወጡበትን ቀበሌና የተሰቀለላቸውን ባንዲራ አብራችሁ ጻፉ። አንዱን ብቻ የጻፈ ግማሹን ሰርቋል። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ እዚህ በነበረች ጊዜ፣ አራተኛ ሆና ከቤት በቀረች ጊዜ፣ እኛ ምን አድርገንላት ነበር? ቀጣዩዋ ሯጭ ዛሬ በጨፋ ሜዳ ላይ በባዶ እግሯ እየሮጠች ይሆናል፤ የእኛ ልጅ ናት የምንል ከሆነ፣ ጫማዋን ከአሁኑ ብናስብላት ይሻላል።