የአዊ ፈረስና የልቡ ትርታ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ ዓላማው በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ማስታወስ እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህም ፈረሰኞቹ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ተሰብስበው በዓሉን በጉግስና በግልቢያ ያከብራሉ። እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው፥ ለውለታው የሚከበረው ፈረስ ድካሙ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ባለፈረስ ላቡንና ትንፋሹን አይቶ ይፈርዳል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የጋለበ ፈረስ ሁሉ ያልበዋል፥ ያለከልካልም፤ ብርቱውን ከደካማው የሚለየው ልቡ ቶሎ መርጋቱ ነው።

በ1947 ዓ.ም. ዌንደል ሮቢና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ቀን በፈረስ ተጓዙ። ከዚያ ወዲህ በተስፋፋው የረጅም መንገድ ውድድር፥ ሐኪም በየማረፊያው የፈረሱን የልብ ትርታ ይቆጥራል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከጉዞ በኋላ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደ ግን፥ ፈረሱ አብዛኛውን ጊዜ ከውድድሩ ይወጣል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው፤ ይኸውም ጣትን ከመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ አኑሮ፥ በ15 ሴኮንድ የተቆጠረውን በ4 ማባዛት ነው። የአዊ ፈረስ ከግልቢያው ሌላ እርሻም ጭነትም አለበት። እንግዲህ ከበዓሉ ግልቢያ በፊትና በኋላ ልቡ ቢቆጠርለት፥ ውለታውን ማስታወስ ማለት ይህም ጭምር ይመስለናል።