አጭሩ መንገድ ለማን አጭር ነው?

ከስድስት ኪሎ ጦር ኃይሎች ለመድረስ ፈጣኑ መንገድ የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ግቢው በር ላይ ለቆሙ አምስት ተማሪዎች ብታቀርቡ ስድስት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «በፒያሳ፣ በመርካቶ አድርጎ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ስታዲየም ወርዶ ባቡር መያዝ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ተዉኝ፣ በእግሬ የሚቀድመኝ የለም» ብሎ ይነሣል። ክርክሩ ሳያልቅ ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል። ነገሩን ግን እንደ ቀልድ ባናልፈው ጥሩ ነው። ያዲስ አበባ ሰው ይህን መጠየቅ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየዘመኑ የተሰጠውም መልስ ከተማዋ ለማን እንደ ተሠራች ይነግረናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሠፈር እንጂ መንገድ አልነበራትም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ሲወርዱ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ጭፍራቸውን ይዘው ሠፈሩ። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። በሠፈሮቹ መካከል ያለው ገደልና ወንዝ ነበር። ምድሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሜዳ ስለሚያዘቀዝቅ ወንዞቹ የሚወርዱት ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ ቁልቁል መሄድ ቀላል ሲሆን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሻገር ግን ገደል መውረድና ገደል መውጣት ነበር። ክረምት ገብቶ ቀበናና ግንፍሌ ሲሞሉማ ማዶ ያለ ዘመድ ሌላ አገር እንዳለ ይቆጠራል። ያኔ አጭሩ መንገድ መልካው ባለበት በኩል የሚያልፈው ነበር እንጂ በዓይን የሚታየው አልነበረም።

ድልድይ ሲሠራ ይህ መልስ ተለወጠ። ራስ መኰንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንል የምንጠራው የመኳንንቱን ስም ነው። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

በዚያ ዘመን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መኰንኑ በበቅሎ ሲሄድ አጃቢው በእግሩ ዙሪያውን ከቦት ይሄዳል፤ ስለዚህ የጌታው ፍጥነት ከሎሌው እግር አይበልጥም ነበር። ጌታው ይቀመጣል፣ ሎሌው ይደክማል፣ ሁለቱም ግን አብረው ይደርሳሉ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ሲያመጣ ይህ ነገር ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ባለ መኪናው ቀድሞ መድረስ፣ እግረኛውም ከኋላ አቧራ መቃም ጀመረ።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ሲገባ ለገሃርን ፈጠረና ከተማዋን ወደ ደቡብ ሳባት። ፋሺስት ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ለይቶ ሊያሰፍር አቀደ፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ አሁን መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደው። ለገዥው የከተማው እምብርት ቀረበው፤ አገሬው ግን ወደ ዳር ተገፋ።

ከነፃነት በኋላ አንበሳ አውቶቡስና ሰይቼንቶ ታክሲ ብዙ ሰው በሳንቲም አመላለሱ። የፍጥነት ነገር የመንግሥት ነገርም እንደ ሆነ ግን በደንብ የታየው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። በዐረቦችና በእስራኤል ጦርነት ሰበብ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት በቤንዚን ላይ ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ፤ ተማሪውና ሥራ አጡ አደባባይ ወጣ። ከቀናት በኋላ መንግሥት ከጭማሪው ከፊሉን ቀነሰ። ጉዳዩ ግን ከቤንዚን አልፎ ነበርና የካቲት 20 የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለአብዮቱ መነሻው ብዙ ነው፤ ታክሲ ብቻውን ንጉሥ አያወርድም። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚከፍላት ሳንቲም ስትነካ ሌላው ብሶት ሁሉ አብሮ እንደሚነሣ ያን ሰሞን ታይቷል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚፋጠጥባት ውይይት ታክሲ አለፈች፤ ሚኒባስ ተተካ፤ መንገድ እያቆራረጡ መጫንም አብሮት መጣ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የቀለበት መንገድ ዞሮ የሚሄደው ሰው ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ቀድሞ ሊደርስ እንደሚችል አሳየን። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ መሥራት ጀመረ። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቢቆሙም፣ ያ የጥንቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የመሻገር ጣጣ በሐዲድ ተቃለለ።

ተቃለለ ስንል ግን ለማን? የቀለበት መንገዱና ሐዲዱ በአጥር የታጠሩ ናቸው። ለተሳፋሪው ከተማዋ ስታጥር፣ መንገዱን ለሚያቋርጠው እግረኛ ረዘመችበት። አጥር ሲዘል በመኪና የተገጨውን ሰው «ሥርዓት የለውም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ማቋረጫው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቅድመ አያቶቻችን በወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ እኛ ደግሞ በአስፋልት ላይ አዲስ ወንዝ ሠራን።

ዛሬ ፈጣኑን መንገድ ስልካችን ይነግረናል፤ መኪናም ይጠራልናል። ስልኩ የሚቆጥረው ግን የአንዱን መንገደኛ ደቂቃ ነው። ባዲስ አበባ አሁንም ብዙው ሰው የሚሄደው በእግሩ ነው። እንግዲህ «የትኛው መንገድ ይፈጥናል?» ስንል «ለማን?» የምትለውን ቃል አብረን ብንጨምር ጥያቄው ይሟላል። ከሐዲዱ ማዶ ዘንቢል ይዛ የቆመችው እናት ቤቷ እዚህ በዓይን ይታያታል፤ ርቀቱ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። እሷ ግን አጥሩን ይዛ ወደ ታች ትሄዳለች፤ ዛሬም መልካ ፍለጋ ላይ ናት።