የሯጮች የአጥንት ስንጥቅ፦ ሕመም ይዞ ወደ ውድድር መግባት

የሚሮጥ ሰው ቅልጥሙን ማመሙ አዲስ ነገር አይደለም። አሰልጣኞች «ያልፋል» ሲሉም ብዙውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ይህ ጽሑፍ ስለማያልፈው ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር ስለሚሉት የአጥንት ስንጥቅ። እርስዎ ራስዎ ሯጭ ከሆኑ፣ ወይም ልጅዎ በክለብ ወይም በታዳጊ ፕሮጀክት የሚሰለጥን ከሆነ፣ የውድድር ቀን ከመድረሱ በፊት ቢያነቡት ይሻላል።

ምን ዓይነት ጉዳት ነው?

ስንጥቁ በመውደቅ ወይም በግጭት የሚመጣ አይደለም። አጥንት ሕይወት ያለው አካል ስለሆነ በሩጫ ጊዜ የሚደርስበትን ጥቃቅን ጉዳት በእረፍት ጊዜ ይጠግናል፤ ከጥገናው በኋላም ከበፊቱ ይጠነክራል። ነገር ግን አዲሱን ከመሥራቱ በፊት የተጎዳውን ክፍል ያፈርሳል። ስለዚህ ልምምድ በድንገት ከጨመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት አጥንቱ ከወትሮው የሚደክምበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ እረፍት ካላገኘ ጉዳቱ ይጠራቀምና መጀመሪያ አጥንቱ ውስጥ እብጠት ይፈጠራል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። አሁንም ሩጫው ካልቆመ ሙሉ በሙሉ ሊሰበር ይችላል።

በሯጮች ላይ በብዛት የሚጎዳው ትልቁ የቅልጥም አጥንት ነው። ከእግር ጣቶች በስተኋላ ያሉት ረጃጅም ቀጫጭን አጥንቶችም ይሰነጠቃሉ። ከሁሉም አሳሳቢው ግን ዳሌ አጠገብ ያለው የጭን አጥንት አንገት ነው፤ እሱ ከተሰበረ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ የሩጫ ሕይወትንም ሊያስቆም ይችላል።

ከተራ የቅልጥም ሕመም በምን ይለያል?

ተራው የቅልጥም ሕመም በውስጠኛው የቅልጥም ጠርዝ ላይ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ነው። ሩጫ ሲጀምሩ ያምዎታል፣ ሰውነት ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይቀልልዎታል። የስንጥቅ ሕመም ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «እዚህ ጋ» ብለው በአንድ ጣት ያሳዩታል፣ ሲጫኑትም ያሳምማል። ሲሮጡም እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይቀልም። ከቆየ በእግር ሲሄዱ፣ ከዚያም ማታ ተኝተው ሳለ መሰማት ይጀምራል።

አትሌቶች «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ዝቅ አድርገው ይመልሳሉ። በተለይ አሰልጣኙ አጠገባቸው ከቆመ። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጀምርበትን ቦታ መጠየቅ የተሻለ ነው። ባለፈው ሳምንት ከስምንተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ይሰማ የነበረው ሕመም በዚህ ሳምንት ከሦስተኛው ጀምሮ ከተሰማ፣ ሩጫውን ለማቆም ሌላ ማስረጃ አይጠብቁ።

ብሽሽት ወይም ከጭን ፊት ለፊት ጠለቅ ብሎ የሚሰማ፣ እግር ሲረግጡ የሚብስ ሕመም ካለ በዚያው ዕለት ሩጫ ያቁሙ። እየዘለሉ አይሞክሩት። ሐኪም እስኪያይዎት ድረስም ክብደትዎን በዚያ እግር ላይ አይጣሉ።

«ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ»

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ አንዳንዱ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ከቀጠለ፣ ሐኪሙ ኤምአርአይ ሊያዝልዎት ይችላል። ኤምአርአይ በአቅራቢያዎ ከሌለ ወይም ዋጋው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ስንጥቅ እንዳለ ቆጥሮ ሩጫ ማቆምና ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ራጁን መድገም ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። የዳሌ ሕመም ግን እንዲህ አይጠበቅም፤ ኤምአርአይ ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ወጌሻ ጋ መሄድስ? ማሸት የደከመ ጡንቻን ያፍታታል። የተሰነጠቀ አጥንትን ማሸት ግን አይጠግነውም፣ ሕመሙንም ያብሰዋል። በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማሳጣት ይደርሳል፤ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስሩ ወዲያውኑ መፈታት አለበት።

ውድድሩ ቢደርስስ?

የቤተሰብ ጭንቀትም የአሰልጣኝ ጭንቀትም እዚህ ላይ ነው። ለብዙ ወጣት ሯጭ አንድ ውድድር የክለብ ኮንትራት ወይም የቤት ኪራይ ማለት ነው። «ይሄን ብቻ ልሩጥና አርፋለሁ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2008 የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሳለች፣ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ ጥቂት ወራት በፊት የጭን አጥንቷ ተሰነጠቀ። ሙሉ ዝግጅት ሳታደርግ ኦሎምፒኩ ላይ ሮጣ 23ኛ ወጣች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ግን የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። በነሐሴና በኅዳር መካከል የሯጯ ችሎታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የነበራት የመዘጋጃ ጊዜ ነው። የእኛው አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በእግር ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጥቷል፤ ያንን ውድድር ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። የሁለት ኦሎምፒክ ባለድል ያቋረጠውን እርስዎም ቢያቋርጡ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ወስዶ መሮጥ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አጥንቱን አይደግፍም። አጥንቱ «አቁም» የሚልበትን ድምፅ ማጥፋት ነው። ሌላም አደጋ አለ፦ ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገኙት እንደ ዴክሳሜታሶን ያሉ የስቴሮይድ መርፌዎች ከ2022 ጀምሮ በማንኛውም መንገድ ተወግተው በውድድር ጊዜ በአበረታች መድኃኒት ሕግ የተከለከሉ ናቸው። ምን እንደተወጉ ሳያውቁ መርፌ አይቀበሉ።

ለምን እርስዎን?

የመጀመሪያው ምክንያት የልምምድ በድንገት መጨመር ነው፤ ከጉዳት ወይም ከሕመም ተመልሶ ያለፈውን በአንድ ሳምንት ለማካካስ መሞከር በተለይ። ሁለተኛው፣ ብዙም የማይነሳው፣ ምግብ ነው። ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ የሚበላ ሯጭ አጥንቱ የሚጠገንበት አቅም ያጣል። በጾም ወራት በቀን ሁለት ጊዜ የሚሮጥ ሰው መጾም አይችልም ማለት አይደለም። ነገር ግን ጥራጥሬ፣ ሰሊጥ፣ ቅጠላ ቅጠልና እንጀራ በርከት ብለው ካልቀረቡ፣ ልምምዱ መቀነስ አለበት።

በሴት አትሌቶች የወር አበባ መቅረት «በደንብ እየሠራች ስለሆነ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ይሰማል። ስህተት ነው። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ አጥንት እየሳሳ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ይህን ለወንድ አሰልጣኝ ለመንገር ልታፍር ስለምትችል ከእናት ወይም ከእህት በኩል ቢጠየቅ ይቀላል።

እረፍቱና መመለሱ

አብዛኛው የቅልጥምና የእግር ስንጥቅ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው እረፍት ይድናል። የዳሌው፣ የቅልጥም ፊት ለፊት መሃል ላይ ያለውና አንዳንድ የእግር አጥንቶች ስንጥቅ ከዚህ በላይ ይወስዳል። እረፍት ሲባል መተኛት አይደለም፤ ሕመም እስካላመጣ ድረስ ብስክሌትና ዋና ትንፋሽን ይጠብቃሉ።

ወደ ሩጫ የሚመለሱት በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። በእግር ሲሄዱ ምንም ሳያምዎት፣ ቦታውን ሲጫኑትም ሳያምዎት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለፍ። ከዚያ ለስላሳ መሬት ላይ አንድ ደቂቃ ሮጠው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ፣ በአጠቃላይ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ አንድ ቀን እያሳለፉ። በማግስቱ ጠዋት ቦታውን በጣትዎ ይጫኑ። ካላመመዎት የሩጫውን ደቂቃ በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ካመመዎት ወደ ኋላ ተመልሰው ለጥቂት ቀናት በእግር ብቻ ይሂዱ። አሰልጣኝዎ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ይህ የማግስት ጠዋት ውጤት እንዲነገረው ያድርጉ፤ በስልክ መልእክትም ቢሆን ይበቃል።