እህል እግር ሲነሳ

በጅጋ የገበያ ቀን እህል ተራ የገባ ሰው ገዢውን ልብ ብሎ ይመልከት። ከጆንያው በመዳፉ ይዘግናል፣ እፍ ይላል፣ በጣቱ ይበትናል፤ ጥቁር ነገር ካየ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር እህል የጠገበ ነውና እንዲህ መምረጥ ይችላል።

እዚያው እህል ተራ አጠገብ ሁለቱም እግሮቻቸው ያበጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሕመሙ የመጣባቸው ከበሉት ነገር እንደሆነ፣ ደማቸው ወደ እግራቸው ወርዶ መመለስ እንዳቃተው አጫወቱኝ። የእርሳቸው እንኳ ከእህል የመጣ አይመስለኝም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለው እብጠት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ከባዶ እግር ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ነው። የአፈሩ ደቂቅ ብናኝ በቆዳ ይገባና የሊምፍ መተላለፊያዎችን ይዘጋል። በጎረቤት ደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በተደረገ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 የሚሆኑት ታማሚ ሆነው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ሳሙና፣ ውኃና ጫማ ነው።

ይሁን እንጂ የአዛውንቱን ሐሳብ ከንቱ ነው ብዬ አላለፍኩትም። እህል የሰውን ደም አግዶ እግሩን የነሳበት ጊዜ በአገራችን ታሪክ ውስጥ አለ፤ ያውም ሩቅ ዘመን አይደለም።

ነገሩ የሆነው በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ በ1970 ዓ.ም. ነው። በደጋው የገብስ ማሳ ውስጥ ስናር የሚባለው አረም ይበቅላል። በዚያ ዓመት ስናሩን ኤርጎት የተባለ ሻጋታ ያዘው። ኤርጎት በፍሬው ቦታ ገብቶ ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ቀንድ መሳይ ነገር ያበቅላል፤ ይህ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ ከሰው ሆድ ገባ። በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥርን ያኮማትራል። ከልብ የሚርቀው የእግር ጣት ስለሆነ ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል፤ ቀጥሎ እንደ እሳት ያቃጥለዋል፤ ከዚያ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ቋንጣ ይደርቃል። በመጨረሻ ደም እንኳ ሳይፈስ ከገላው ይለያል።

በ1979 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ያወጣው ዘገባ 140 ታማሚዎች መመዝገባቸውን ይናገራል። ሲሶ ያህሉ ሞተዋል። ከአምስት አንድ የሚሆኑት እጅ ወይም እግር አጥተዋል። ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። መርዙ የእናት ጡትም ያደርቃልና እህሉን ያልቀመሱ ሕፃናት ሳይቀሩ ተጎድተዋል።

የደላንታ ገበሬ ስናርን ከገብስ መለየት አቅቶት ነው? በፍጹም። እርሱ የማያውቀው አረም የለም። ነገር ግን ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያለቀበት ረሃብ ገና አራትና አምስት ዓመቱ ነበር። ጎተራው የጎደለበት ሰው በሰፌድ ሲያበጥር ጥቁሩን ለቅሞ ይጥላል ወይስ ልጆቹን ቆጥሮ ያስቀረዋል? እኔ በሰውየው አልፈርድም።

በሽታው ለዓለም አዲስ አልነበረም። በ857 (እ.ኤ.አ.) በራይን ወንዝ አካባቢ ሕዝብ እንደፈጀ በጊዜው የነበሩ መነኮሳት ጽፈዋል። አውሮፓውያን ስሙን ያወጡት በእኛው በአባ እንጦንስ፣ ጥር 22 ቀን በምናስበው በግብጹ የመነኮሳት አባት ነው፤ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ይሉታል። በ1095 ገደማ በፈረንሳይ አገር በስማቸው የተቋቋመው ማኅበር በሽተኞቹን የሚያስታምምበት ሆስፒታል ነበረው። እዚያ የደረሰ ሕመምተኛ ንጹሕ ዳቦ ያገኛል፤ ከመርዘኛው እህል ስለሚርቅም ብዙው ይሻለዋል። ፈውሱን ከቅዱሱ ቆጠሩት፤ ዳቦውን ያስተዋለ ያለ አይመስልም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዶዳር ጥፋቱ ራይ በሚሉት የስንዴ ዘመድ ላይ ያለው ጥቁር ቀንድ መሆኑን ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ የጻፈው በ1676 ነው። (ከዚሁ መርዝ የተገኘው ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒት ዛሬ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት ያድናል። ደም ሥር ማኮማተሩ እዚህ ላይ በጀ።)

ደላንታ በዚህ አላበቃላትም። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሰብል ሲጠፋ ድርቅን የሚችለው ጓያ ብቻውን ቀረ። ጓያ የሚመታው የደም ሥርን ሳይሆን ነርቭን ነው፤ ውጤቱ ግን ያው እግር ነው። በየአገሩ የጓያ እንፋሎት ይሰብራል፣ ማሳው ውስጥ መሄድ ይሰብራል ሲባል ይሰማል። በደላንታ የተደረገው ጥናት ያሳየው ሌላ ነው። የጎዳቸው ጓያውን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ ያዘወተሩትን ነበር። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ወጥ ሠርተው የበሉት በጣም ያነሰ ተጎዱ። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ለመቀላቀል ገብሱ፣ ለወጡ ሽንኩርቱ በቤት መኖር አለበት።

ሐኪሞች የዚህን በሽታ ደረጃ የሚለዩት በምርኩዝ ነው፤ ያለ ምርኩዝ የሚያነክስ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም በዳዴ የሚሄድ። አብዛኞቹ ገና ለእርሻ የደረሱ ወጣት ወንዶች ናቸው። እግራቸው ተመልሶ አይድንም።